ግራ የገባት

ላንድሮቨሬ ግራ ገባት። ቀልድ አይደለም፤ ግራ ገባት።
ከመሐል ሜዳ ገብስ ጭኜ፣ ጣርማ በር ጉም ሲያለብሳት፣
መሪውን ለቅጽበት ላላ ባደርግ፣ ለማስቲካ፣ ለክብሪት፣
ሽው ትላለች ወደ ግራ፣ ከመጪው ኤንትሬ ፊት።

ስለዚህ ቀኝ ቀኝ ይዤ፣ ዘጠኝ ዓመት ቀኝ ጎተትኩ፤
እሷ ስትስብ እኔ ስመልስ፣ እንደ ባልና ሚስት ኖርኩ።
ወይዘሮ ትርንጎ ብቻ፣ ጋቢና ካልሆነ የማይወጡ፣
"ልጄ፣ መንገዱ ወዲህ ነው" ይላሉ፣ መሪዬን እየገላመጡ።

ጎሚስታው "ንፋስ ነው" አለ። ነፋው።
የግራውን ጎማ ለቀኝ፣ የቀኙን ለግራ ቀየረው።
ከፈልኩ። ግራ ሄደች።
"ቴስቲኒ ነው" አለኝ ሌላው፤ ከሶማሌ ተራ አስመጣሁ፤
"ኦርጅናል" ብሎ የማለልኝን ሰው እስከ ዛሬ አልረሳሁ።
ከፈልኩ። ግራ ሄደች።
ሦስተኛው "ፍሬን ነው" አለ፣ "አንዱን ይዞ ያልለቀቀ"፤
ፈትቶ፣ ገጥሞ፣ በቤንዚኔ እጁን ታጥቦ ሳቀ።

ጠባሴ፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጀርባ፣ ጋሽ ሽብሩ አለ፤
ጆሮው በመዶሻ አልቆ፣ መዳፉ ግን የበሰለ።
"ሞተር አስነሣ" አላለኝም። "ኮፈን ክፈት"ም አላለ።
ፋብሪካው የጣለውን ብርድ ልብስ በውርጩ ላይ ዘረጋ፣
በጀርባው ከሥር ገባና፣ እግሩ ብቻ ቀረ እኛ ጋ።
"መሪውን ያዝ። አታዙር። ነቅነቅ ብቻ፣ እንደ ሕፃን አልጋ።"

ግራ፣ ቀኝ። ግራ፣ ቀኝ። ካንድ ጣት አይበልጥም።
እሱ ከታች እንደ ወጌሻ አንጓ ባንጓ ይዳስሳል፣ አይናገርም።
ቴስቲኒውን ጨበጠ፦ "ይሄ አልዋሸም።"
ባራውን ጨበጠ፦ "ይሄም።"
"እጅህ ሲሄድ ጎማው ይሄዳል" አለ ድምፁ ከመሬት፣
"መሪህን ያለ ጥፋቱ ከሳችሁት።"

ወጣ። ከኪሱ ሲባጎ መዘዘ፣ ቋጠሮ የበዛበት፤
ምንተስኖት አንዱን ጫፍ ወስዶ የኋላው ሞዞ ላይ ያዘበት፣
እሱ የፊቱ ላይ፤ በቀኝ በኩል ወጥሮ አዲስ ቋጠሮ ቋጠረበት።
በግራ ሲለኩት ግን ሲባጎው ረገበ፣
ሁለት ጣት ሙሉ ተረፈ።

"አየህ? የግራ እግሯ ወደ ኋላ ቀርቷል።
የባሌስትራው መሐል ቡሎን ተበጥሷል።
አንተስ አንዱ እግርህ ሁለት ጣት ቢያጥር፣
ቀጥ ብለህ ትሄድ ነበር?"

በክሪክ አነሣት፤ ባሌስትራውን ፈታ፤ ካንገቱ የተቆረጠ
የቡሎን ራስ፣ ጥርስ የሚያክል፣ መዳፌ ላይ አስቀመጠ።
ዘጠኝ ዓመት የጎተተን ይሄ! ዋጋው ከሻይ አልበለጠ።
ያኔ ትዝ አለኝ፦ ጓሳ ላይ፣ በሌሊት፣ አንድ ድንጋይ መታሁ፤
ብርዱን ፈርቼ አልወረድኩም፤ "ምንም አይደል" ብዬ ነዳሁ።

ለሙከራ እስከ ጫጫ። መንገዱ ክር፣ ሜዳው ለጥ ያለ።
አሁን ደግሞ ቀኝ ሄደች! ጎማው ቦይ ውስጥ ልግባ አለ።
ተናድጄ ተመለስኩ፤ ገና ሳልወርድ ጮህኩበት፤
ጆሮው አይሰማ፤ በሩን ከፍቶ የትርንጎ ወንበር ላይ ወጣበት።

"ንዳ" አለኝ። ነዳሁ። "ልቀቀው።"
መሪውን? "አዎ፣ ልቀቀው።"
ጣቶቼን አንድ ባንድ ነቅዬ፣ ትንፋሼን ውጬ ለቀቅኩት።

ቀጥ ብላ ሄደች። እንደተወጠረ ሲባጎ።

"እሷን ጨርሻለሁ" አለኝ፤ "የተጣመመው ያንተ ክንድ ነው፤
ለሱ ሶማሌ ተራም መለዋወጫ የለው።
ሸኖ ደርሰህ ና፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም መላልሰው።
መንገዱን ያቅናልህ" አለና ብርድ ልብሱን አራገፈው።

በነጋታው ገብስ፣ ጉም፣ ጣርማ በር።
ጋቢና ወይዘሮ ትርንጎ፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫ ተከናንበው።
ጥቂት እንደሄድን፣ ክንዴን በጣታቸው ነካ አድርገው፣
"ልጄ" አሉኝ፣ ወደ ግራ እያሳዩ፣
"መንገዱ ወዲህ ነው።"